ለላንድክሩዘር የትኛው ክሪክ ይሻላል? ከወይጦ ማዶ የደረሰብኝን አንብቡና ምከሩኝ

የቱርሚ መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ አለኝ፣ 78 የሚባለው። እንግዳ ጭኜ ደቡብ ኦሞ እመላለስበታለሁ። ባለፈው ወር ከወይጦ በኤርቦሬ በኩል ወደ ቱርሚ እየሄድኩ የኋላ ቀኝ ጎማዬ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። ወርጄ ሳየው ጎማው ጨርሶ ተኝቷል፣ ቸርኬው መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ክሪኬ ባለ 20 ቶን ነው። ከአንድ የተሳቢ ሹፌር ነው የገዛሁት፣ ትልቅ ከሆነ ያስተማምናል ብዬ። አክስሉ ስር ላስገባው ስል አልገባም። ሙሉ ንፋስ ባለው ጎማ ሞክሬው አውቃለሁ፣ ይገባ ነበር። ጎማው ሲተኛ ግን አክስሉም አብሮ ወርዷል፤ ይሄን አስቤው አላውቅም። መቆፈር ጀመርኩ። አሸዋ ነው፣ የቆፈርኩት ተመልሶ ይሞላል። እንደምንም አስገባሁት። ሳነሳው ደግሞ መኪናው ወደ ላይ በመሄድ ፋንታ ክሪኩ ወደ ታች ሰመጠ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ ከስሩ አደረግኩ። አሁን ተነሳ። ጎማውን አወለቅኩ። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) እያንከባለልኩ ሳመጣ ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ክሪኩ ተጋደመ፣ መኪናው ጎማ በሌለው በኩል መሬት ላይ ዘጭ አለ። ከአንድ ደቂቃ በፊት እጄ እዚያ ስር ነበር።

እንግዶቹ ወርደው ጥላ ስር ነበሩ፣ ማንም አልተጎዳም። አንድ አይሱዙ ደርሶ በራሱ ክሪክና ጣውላ አነሳልን። እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን አዲስ ልገዛ ነው። ሦስት ነገር በሐሳቤ ይዞራል። ያው የጠርሙስ ክሪክ (እንደ ጠርሙስ ቆሞ በዘይት የሚያነሳው) በሌላ መጠን፣ ረጅሙ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሃይሊፍት፣ እና በጭስ ማውጫ የሚነፋው የአየር ከረጢት። የሰማችሁትን ሳይሆን የሠራችሁበትን ንገሩኝ።

ጎሚስታ አዳማ፦
ወንድሜ እንኳን እጅህ ተረፈ። ጎማ ሥራዬ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ክሪክ ስር ነው የምውለው። ያንተ ስህተት የብዙ ሰው ስህተት ነው። ሰው ክሪክ ሲገዛ ቶን ይጠይቃል። ቁመቱን የሚጠይቅ የለም።

የጠርሙስ ክሪክ ቶኑ በጨመረ ቁጥር ዝግ ቁመቱም ይጨምራል። የ5 ቶኑ ተዘግቶ 20 ሴንቲ አካባቢ ነው። የ20 ቶኑ 24 አካባቢ ይደርሳል። አራት ሴንቲ ምን አላት እንዳትል፣ መንገድ ላይ ያስቆፈረችህ እሷ ናት። ደግሞ 20 ቶን ምን ያደርግልሃል? መኪናህ ከነጭነቱ 3 ቶን ገደማ ቢሆን ነው። አንድ የኋላ ጎማ ስታነሳ ክሪኩ ላይ የሚያርፈው አንድ ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ጥሩ 5 ቶን ከበቂ በላይ ይሸከመዋል።

ከመግዛትህ በፊት ይሄን አድርግ። ግቢህ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ መኪናውን አቁም። የአንዱን የኋላ ጎማ ንፋስ ሙሉ በሙሉ አስወጣ። ከመሬት እስከ አክስሉ፣ ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ ድረስ ለካ። ያ የመጀመሪያ ቁጥርህ ነው፣ ክሪኩ ተዘግቶ ከዚያ ማነስ አለበት። ከዚያ ንፋሱን ሞልተህ ያንኑ ቦታ ለካ፣ 3 ሴንቲ ጨምርበት። ያ ሁለተኛው ቁጥር ነው፣ ክሪኩ ከነመጨረሻ ቪቱ (ጫፉ ላይ እየተዞረ የሚረዝመው) ተከፍቶ እዚያ መድረስ አለበት፤ አለዚያ የተነፈሰውን ታወልቃለህ እንጂ የተነፋውን ስኮርታ አታስገባም። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሜትር ይዘህ ሂድና ግዛ። ፊት ለፊቱንም እንዲሁ ለካ፣ የኋላው ብቻ አይደለም የሚነፍሰው።

የድሮ ሰው፦
እኔ 25 ዓመት ነድቻለሁ። ቦረናም፣ ጋምቤላም፣ ጎዴም። ድንጋይ ደርድሬ ስንት ጎማ ቀይሬአለሁ። ድንጋይ አመራረጥ ማወቅ ነው። ልጆቹ ዕቃ መግዛት ታበዛላችሁ።

የበረሃ ሹፌር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ድንጋይ ለታኮ ጥሩ ነው። ማዕዘን ያለው፣ ጎማው ስር ነክሶ የሚይዝ ድንጋይ ከብዙ የፋብሪካ ታኮ ይበልጣል። ለክሪክ መቀመጫ ግን አይሆንም። ድንጋይ ከስሩ እኩል ካልተደገፈ መሃሉ ላይ ሲጫነው ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ አያስጠነቅቅም። እንጨት ግን ይጮሃል፣ ይጎብጣል፣ ጊዜ ይሰጥሃል። እርስዎ 25 ዓመት ተርፈዋል፣ ተመስገን። ሰውየው ግን በአንዷ ቀን እጁን ሊያጣ ነበር።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። መኪናው ለምን ተንሸራተተ? ድንጋዩ ተሰነጠቀ ብለሃል። እሺ። ግን ታኮ አድርገህ ነበር? ማርሽ አስገብተህ ነበር? ፎር ዊል ላይ ነበር?

እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። ብዙ ዓመት አፋር ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ከመቀሌ ወደ በርሃሌ ስንወርድ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ሜዳ ነገር ፈልገን ቆምን፣ ሜዳ የሚመስል ግን ወደ ፊት ያዘነበለ ነበር። የእጅ ፍሬኑ ደካማ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አንደኛ ማርሽ አስገባሁና ተማመንኩ። የኋላ ቀኙን አነሳሁ። ልክ ጎማው መሬት እንደለቀቀ መኪናው መሄድ ጀመረ። ማርሽ ውስጥ እያለ! ክሪኩን ጥሎ አምስት ስድስት ሜትር ሄዶ አፈር ቁልል ላይ ቆመ።

ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ በኋላ አንድ መካኒክ ነው። ማርሽ የሚይዘው በዲፈረንሻል በኩል ነው። ዲፈረንሻል ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የተሠራ ነው። አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲሆን እሱ ወደ ኋላ እየዞረ፣ መሬት ያለው ወደ ፊት ይሄዳል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ምንም አልተንቀሳቀሰም፣ መኪናው ግን ሄደ። አውቶማቲክም ያው ነው፣ ፒ ላይ ስላደረጋችሁት የሚያዝ እንዳይመስላችሁ። የእጅ ፍሬናቸው ጎማ ላይ ሳይሆን ከካምቢዮ ኋላ ያለውን ዘንግ የሚይዝ መኪኖችም አሉ፣ የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር እንደዚያ ነው። እነሱ ላይ የእጅ ፍሬኑም የኋላ ጎማ ሲነሳ አያስተማምንም።

መፍትሔው ፎር ዊል ማስገባት ነው፣ የከባዱን (ሎው የሚባለውን)። ያኔ የፊት ሁለቱ ጎማዎች መሬት ስላሉ እነሱ ይይዛሉ። ግን ልብ በሉ፣ ፊት ጎማው መሃል ላይ በእጅ የምትዞር ሎክ ያላቸው ላንድክሩዘሮች ፍሪ ላይ ከሆኑ ፎር ዊል አስገባችሁ አላስገባችሁ ለውጥ የለውም። የፊት ጎማው ከአክስሉ ጋር አልተያያዘም። ወርዳችሁ ሁለቱንም ሎክ ላይ አዙሩ። ከዚያ የእጅ ፍሬን። ከዚያ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ። ቡሎኖቹን ጎማው መሬት እያለ ላላ አድርጉ፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ ቡሎን ለመፍታት የምትታገሉት ትግል ነው መኪናውን ከክሪክ ላይ የሚጥለው። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ነው ክሪክ የሚነካው።

የቱርሚ መንገደኛ፦
ወንድሜ ሎኩ ፍሪ ላይ ነበር። ደረቅ መንገድ ስለሆነ ፍሪ አድርጌ ነው የምነዳው። ታኮ ያደረግኩት ደግሞ አንድ ጎማ ብቻ ነው፣ ከኋላው በኩል ብቻ። አሁን ነው ነገሩ የገባኝ። ድንጋዩ ቢሰነጠቅም መኪናው ባይንሸራተት ኖሮ ክሪኩ አይጋደምም ነበር ማለት ነው?

የበረሃ ሹፌር፦
ምናልባት ትንሽ ይወርድ ነበር። በጎን መሄዱን ግን አንተው ነህ የፈቀድክለት። ይቅርታ በግልጽ ስለተናገርኩ።

ሔለን፦
እኔ ጅማ አካባቢ ፕሮጀክት ላይ ነው የምሠራው፣ ሃይሉክስ ራሴ ነው የምነዳው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሃይሉክስ የፊቱ አክስል የለውም፣ እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ታዲያ የት ላይ ነው ክሪክ የማደርገው? ሁለተኛ፣ ክሪኩ አያስቸግረኝም፣ የሚያስቸግረኝ ቡሎን መፍታቱ ነው። ጎማ ቤት በማሽን ሲያጠብቁት መንገድ ላይ አልፈታ ይለኛል። ሁሌ የሚያልፍ ሰው መጠበቅ አልፈልግም።

ጎሚስታ አዳማ፦
እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። ጥፋቱ የኛ የጎሚስታዎች ነው። በማሽን ካጠበቅን በኋላ በእጅ ማረም ነበረብን። ሁለተኛ ጎማ ቤት ስትሄጂ የመጨረሻውን በእጅ መፍቻ እንዲያጠብቁልሽ ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ ሌላ ቤት ሂጂ። ለመንገድ ደግሞ የመፍቻው እጀታ ላይ የሚገባ የብረት ቱቦ ያዢ። ከቡሎኑ 50 ሴንቲ ርቀሽ 40 ኪሎ የሚያህል ጉልበት ብትጭኚ 200 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ብዙ ቡሎን በዚያ ይፈታል። ቱቦው 80 ሴንቲ ከሆነ ደግሞ ያንኑ በ25 ኪሎ ታገኚዋለሽ። እጀታውን ወደ ግራ አግድም አድርጊና በክብደትሽ ወደ ታች ተጫኚ፣ ወደ ላይ አትሳቢ፣ ወገብሽን ይጎዳል። አንድ ነገር ብቻ፣ በቱቦው ፍቺ እንጂ አታጥብቂበት። ቡሎን ትበጥሻለሽ። ካጠበቅሽ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድተሽ እንደገና ፈትሺ።

ጋራዥ ያረጀሁ፦
የሔለንን የመጀመሪያ ጥያቄ እኔ ልመልስ። ልጄ፣ ከኋላ አክስሉ ላይ አድርጊ፣ ወደ ጎማው ጠጋ ብለሽ። ከፊት መጽሐፉ የሚያሳየውን የሻንሲ ቦታ ተጠቀሚ፣ ሌላ አትፈልጊ። ግን አንድ ነገር እወቂ። በሻንሲ ስታነሺ ጎማው ወዲያው አይነሳም። መጀመሪያ ሻንሲው ብቻ ይነሳል፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከዚያ ነው መሬት የሚለቀው። ስለዚህ ከኋላ 15 ሴንቲ ማንሳት ከበቃሽ ከፊት ከዚያ የበለጠ ያስፈልግሻል። ጎሚስታው ለካ ያለውን ከፊት ስትለኪ ይሄን ጨምረሽ አስቢ። የብዙ ሰው ክሪክ ከኋላ ደርሶ ከፊት የሚያጥረው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ጠርሙስ ክሪኩ ራሱ። ሰው ይገዛና ወንበር ስር ይጥለዋል። ኮረኮንች ላይ ተጋድሞ ሲንቀጠቀጥ ይከርምና ዘይቱ ያልቃል። በቀኑ ሲያወጡት ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይወርዳል። ክሪክ ቀጥ ብሎ፣ ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ገብቶ፣ ማፍሰሻ ቪቱ ተዘግቶ። በስድስት ወር አንዴ አውጥታችሁ መኪናውን አንሱበት፣ አሥር ደቂቃ ተዉት፣ ወርዶ እንደሆነ እዩ። ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚል ከሆነ አየር ገብቶበታል። ማፍሰሻውን ክፈቱ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን የጎማ ውታፍ አውጡ፣ ጥቂት ጊዜ ፓምፕ አድርጉ፣ የክሪክ ዘይት ሙሉ፣ ዝጉ። የፍሬን ዘይት እንዳትጨምሩበት! ውስጡ ያሉትን ጎሚኒዎች (ዘይቱን የሚይዙትን የጎማ ማሸጊያዎች) ይበላቸዋል። ስንት ክሪክ እንደዚያ ተበላሽቶ መጥቶልኛል።

ደግሞ ያገለገለ ከሶማሌ ተራ የምትገዙ፣ እዚያው አስነሱት። ሻጩ ፊት። የሚነሳ ነገር አይጠፋም፣ መኪና በሽ ነው። ፒስተኑ ላይ ዝገት ወይም ጭረት ካለ ተዉት፣ ያቺ ጭረት ናት ጎሚኒውን የምትቆርጠው።

ሪያድ ነዋሪ፦
ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ሳዑዲ አሸዋ ላይ ብዙ እንነዳለን፣ ስለ አየር ከረጢቱ ልናገር። አለኝ፣ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ለአሸዋ በጣም ጥሩ ነው። ሰፊ ስለሆነ አይሰምጥም። ቱቦውን ጭስ ማውጫው ላይ ትገጥማለህ፣ ሞተር ታስነሳለህ፣ ይነፋል። ጎማው ከተቀበረበት ከፍ ሲል ስሩ አሸዋ ትሞላለህ ወይም ሳንቃ ታስገባለህ፣ ታወርደዋለህ፣ ትወጣለህ።

ግን ለጎማ መቀየሪያ አልመክረውም። ኳስ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። መኪናው ወደ ጎን ይወዛወዛል። ጎማ አውልቄ እሱ ላይ ብቻ ትቼው አላውቅም። ስሩ ሹል ነገር እንዳይነካው ምንጣፍ እናደርጋለን። እናንተ አገር ደግሞ ያ የግራር እሾህ አለ፣ እሱን አስቡ። ትኩስ ጭስ ማውጫም ከነካው ይቀልጣል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተበሳ ከሆነ ደግሞ ጭሱ በዚያ ያመልጣል፣ አይሞላም።

እና አሸዋ ላይ ስትያዙ ክሪክ ከማሰባችሁ በፊት የጎማ ንፋስ ቀንሱ። እኛ ወደ 15 ፒኤስአይ እናወርዳለን። አካፋ ጨምሩበት። አብዛኛውን ጊዜ ክሪክ ሳይነካ ይወጣል። አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ ሙሉ፣ በዚያ ንፋስ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማ ያፈነዳል። ስለዚህ ኮምፕረሰር የሌለው ሰው ይሄን አይሞክር።

የቱርሚ መንገደኛ፦
ሪያድ ነዋሪ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ከረጢቱ ከዝርዝሬ ወጣ። ሃይሊፍቱስ? ፊት ለፊቴ የብረት ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) አለኝ፣ ኋላም። ጓደኞቼ የሌለው መኪና መኪና አይደለም ይላሉ።

የበረሃ ሹፌር፦
ለ11 ዓመት ይዤዋለሁ። ላመሰግነውም ላስጠነቅቅበትም እችላለሁ።

እሱ መጀመሪያ ለገበሬ የተሠራ ነው። አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ብሉምፊልድ የምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ይሠራል። አጥር ይነቅላል፣ ትራክተር ያነሳል፣ ይስባል። ለኛ ጥቅሙ ከፍታው ነው። ባለ 48 ኢንቹ 122 ሴንቲ ነው። ጥቁር አፈር ላይ መኪናው በሆዱ ሲቀመጥ፣ አክስሉ ስር ምንም ሲጠፋ፣ ከፓራውልቱ ይዘህ ታነሳዋለህ። ያኔ ሌላ የሚተካው የለም።

አሁን አደጋው። የሚሸከመው 2,100 ኪሎ ገደማ ነው፣ እግሩ ግን የእጅ መዳፍ ታክላለች። መኪናው በከፍታው ልክ ይወዛወዛል። ከፓራውልት ስለምታነሳ ደግሞ ባሌስትራው (አክስሉ ላይ ያለው የብረት ስፕሪንግ) ተዘርግቶ እስኪያልቅ ድረስ ጎማው አይነሳም፣ ጋራዥ ያረጀሁ ከፊት ብለው እንዳሉት ያለ ነው፣ የባሰ እንጂ። እኔ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ይዤ አክስሉን ከሻንሲው ጋር አጥብቄ አስረዋለሁ፣ ያኔ ብዙ ሳልወጣ ጎማው ይነሳል።

ከሁሉ የከፋው እጀታው ነው። በተለይ ስታወርድ። ስታወርድ ጭነቱ እጀታውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ካመለጠህ በኃይል እየተወረወረ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። የሰው መንጋጋ ሲሰብር አይቻለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ሦስት ወር በፈሳሽ ነው የኖረው። ስለዚህ ፊትህን ከእጀታው መንገድ ውጪ አድርግ። በሁለት እጅ ያዝ። እጀታውን እስከ ላይ ድረስ ከዘንጉ ጋር ሳታገናኝ የአቅጣጫ መቀየሪያዋን እንዳትነካ። ሥራ ስታቆም እጀታው ተነስቶ ከዘንጉ ጋር ይጣበቅ፣ በአግድም ተንጠልጥሎ አይቅር።

ሌላው ትንንሾቹ ፒኖች ናቸው። ፖርቶመጋላ (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ በአቧራ ሲከርም ይጣበቃሉ፣ አንዱ ቀዳዳ ሲገባ አንዱ አይገባም። ያኔ ጭነቱ በአንዴ ይወርዳል። ሸራ አልብሰው። ከመንገድ በፊት በናፍጣ እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ቀለል ያለ ደረቅ ቅባት። ግራሶ አታብዛበት፣ አቧራ ይሰበስባል።

ለማጠቃለያ ሳይሆን ለጥያቄህ፦ ለጎማ መቀየሪያ አትግዛው። ዝናብ ላይ ቦረናና ኦሞ ጥቁር አፈር የምትገባ ከሆነ ሁለተኛ ዕቃ አድርገህ ግዛው፣ ከመሄድህ በፊት ደግሞ ግቢህ ውስጥ አሥር ጊዜ አንሳና አውርድ።

ሔለን፦
ሃይሉክሴ የፕላስቲክ ፓራውልት ነው ያለው። እሱ ላይ ይሆናል?

የበረሃ ሹፌር፦
አይሆንም እህቴ። በጭራሽ። ሃይሊፍት የሚይዘው ከሻንሲ ጋር የተያያዘ ብረት ብቻ ነው። ክብ ቱቦ የሆነ ብረት እንኳን ይንሸራተታል። ላንቺ የጠርሙስ ክሪክና ጥሩ ጣውላ ይበቃሻል።

ጋራዥ ያረጀሁ፦
ጣውላ ካነሳችሁ አይቀር ይሄን ልበል፣ ምክንያቱም ሁሉም ስለ ክሪክ ሲከራከር ከስሩ ያለውን ይረሳል። የጠርሙስ ክሪክ መቀመጫ 12 በ12 ሴንቲ ነው እንበል። 144 ካሬ ሴንቲ ሜትር። አንድ ቶን ስትጭንበት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ላይ 7 ኪሎ ገደማ ያርፋል። አሸዋ ይሄን አይችልም፣ እርጥብ ጥቁር አፈርማ አያስበውም። 40 በ40 ጣውላ ከስሩ ስታደርግ 1,600 ካሬ ሴንቲ ይሆናል። አሁን ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ያው መኪና፣ ያው ክሪክ።

ጣውላው ግን ቀጭን ከሆነ መሃሉ ላይ ይሰበራል። ባሕር ዛፍ ሁለት ድርብ፣ አንዱ የእንጨቱ መስመር በቁመት፣ አንዱ በአግድም፣ በቪት ተያይዞ፣ ውፍረቱ ሁለቱ ተደምረው 5 ሴንቲ። ገመድ እጀታ አድርጉለት።

እና እባካችሁ፣ ክሪክ ያነሳል እንጂ አይዝም። ጎሚኒ ነው መኪናውን የያዘው፣ አስቡት። የወለቀውን ጎማ፣ ወይም ስኮርታውን፣ ወዲያው ሻንሲው ስር አጋድሙት። ክሪኩ ቢወርድ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። ማንም ሰው ገላውን መኪና ስር አያስገባ፣ ፍሬን ለማየትም፣ ዘይት ለማየትም። ከስር መሥራት ካስፈለገ ካቫሌቶ (መኪና የሚደገፍበት የብረት መቆሚያ) ላይ አስቀምጡት። ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ ነው የኖርኩት። ክሪክ ሲያመልጥ ድምፅ የለውም። ስር ያለው ሰው ነው የሚጮኸው፣ እሱም ጊዜ ካገኘ። ይሄን የምጽፈው ቀልቤ እየተነካ ነው፣ ያየሁትን ስለማውቅ።

የድሮ ሰው፦
ጋራዥ ያረጀሁ እውነት ብለዋል። እኔም ስኮርታውን ስር አደርግ ነበር፣ ሳልጽፈው ነው የቀረሁት። የድንጋዩን ነገርም ተቀብያለሁ፣ ልጆቹ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ግን እኔም ልጨምር። መንገድ ላይ ስትቆሙ ለምልክት ድንጋይና ቅጠል ታስቀምጣላችሁ። ጥሩ ነው። ስትሄዱ ግን አንሱት! ማታ ያ ድንጋይ ስንት መኪና ገልብጧል። ታኮ ያደረጋችሁትንም ከመንገድ አውጡት። ባለሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ብትይዙ ደግሞ ይሻላል፣ ቢያንስ እሱን ማንም ጥሎ አይሄድም።

የቱርሚ መንገደኛ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት እሑድ ስለነበር ከረዳቴ ጋር ግቢ ውስጥ ሙሉ ቀን ዋልን። የለካሁትን ልጻፍ፣ ለሌላም ይጠቅማል።

የኋላ ጎማ ንፋስ ሲወጣ አክስሉ ስር 21 ሴንቲ። ንፋስ ሲሞላ 33። በጎሚስታው አባባል 36 መድረስ አለብኝ። 20 ቶኑ ክሪኬ 24.5 ነው፣ ለዚህ ነው ያስቆፈረኝ። ዛሬ ሜትር ይዤ ሄጄ ባለ 5 ቶን ገዛሁ፣ ተዘግቶ 20፣ ከነቪቱ ተከፍቶ 38። ሻጩ ፊት ለፊት አስነሳሁት።

ግን አንድ ችግር መጣ። ጣውላውን 5 ሴንቲ ሳደርግ ክሪኩ 25 ሆነ፣ አክስሉ ደግሞ 21 ነው። አይገባም! ጣውላ ከሌለ ይሰምጣል፣ ካለ አይገባም። ምን ታደርጋላችሁ?

ጎሚስታ አዳማ፦
ሁለተኛ ጣውላ ያዝ። ረጅም ይሁን፣ ጎማው ሙሉ የሚቀመጥበት፣ ውፍረቱ 6 ሴንቲ። ከተነፈሰው ጎማ ፊት አድርገውና ቀስ ብለህ መኪናውን እሱ ላይ ንዳው። ከባዱን ፎር ዊል አስገብተህ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ። የተነፈሰ ጎማ አንድ ሜትር ቢሄድ ምንም አይሆንም። አክስሉ ያኔ 27 ይሆናል። ክሪክህ ከነጣውላው 25። ይገባል፣ ሁለት ሴንቲ ይተርፍሃል። ታኮ የምታደርገው እዚያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ጎማውን ስታወልቅ የሱን ጣውላ ከስሩ ትስበዋለህ፣ ስኮርታው ከመሬት ነው የሚገጥመው። ክሪክህ ከነጣውላው 43 ይደርሳል፣ 36 ነው የሚያስፈልግህ።

የቱርሚ መንገደኛ፦
ሞከርኩት፣ አሁን ከግቢ ነው የምጽፈው። ሠራ። ሎክ ላይ አዞርኩ፣ ከባድ ፎር ዊል፣ ጣውላው ላይ ነዳሁ፣ የእጅ ፍሬን፣ ሦስቱንም ጎማ ታኮ፣ ቡሎን አላላሁ፣ አነሳሁ፣ ስኮርታውን ሻንሲው ስር አጋደምኩ። ረዳቴ በሰዓት ያዘልኝ፣ 34 ደቂቃ ፈጀ። ብዙ ነው አውቃለሁ። ጨለማ ሲሆን ደግሞ እንደገና በባትሪ ልንሞክረው ነው፣ ምክንያቱም ያ ነገር ቀን ብቻ አይደርስም። ሐሙስ ወደ ጂንካ እወጣለሁ።

ሔለን፦
የረጅሙ ጣውላ ርዝመት ስንት ነው ያደረግኸው? እኔም ዛሬ አናጺ ጋ ልሄድ ነው።

የቱርሚ መንገደኛ፦
70 ሴንቲ፣ ስፋቱ 30። መውጫው በኩል ጫፉን በሰያፍ አስቆርጪው፣ ጎማው እንዳይገፋው። ከስሩ ደግሞ ሁለት ጠባብ እንጨት በአግድም ይምቱበት፣ አሸዋ ላይ እንዳይንሸራተት። እኔ ያን ሳላደርግ በመጀመሪያው ሙከራ ጣውላው ወደ ፊት ሸሸብኝ።